ቢሾፈሮዴ፦ ጀርመን አንድ ስትሆን የማዕድን ሠራተኞቹን ማን ሰማቸው?

ጁላይ 1 ቀን 1993 በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ቢሾፈሮዴ በምትባል መንደር የማዕድን ሠራተኞች የረሃብ አድማ ጀመሩ። የደመወዝ ጭማሪ አልጠየቁም። የጠየቁት የሚሠሩበት የፖታሽ ማዕድን እንዳይዘጋ ነው። ሲጀምሩ ጥቂት ነበሩ፤ ቆይቶ ሌሎችም ተቀላቀሏቸው። ከሁለት ወር በላይ ታገሉ። ጋዜጠኛው ጎረፈ፣ ፖለቲከኛው ተመላለሰ፣ ከመላው ጀርመን ድጋፍ መጣ። በመጨረሻ ግን ዲሴምበር 31 ቀን 1993 ማዕድኑ ተዘጋ። ጀርመን አንድ ከሆነች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀርመን መዋሐድ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የበርሊን ግንብ ላይ ወጥተው የሚጨፍሩትን ወጣቶች ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ግን አንድ አገር አንድ ከሆነ በኋላ ሰዉ ለምን እንደሚቀያየም ለመረዳት የፈለገ ሰው ከበርሊን ይልቅ ቢሾፈሮዴን ቢያይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለእኛ ምሥራቅ ጀርመን ባዕድ አገር አይደለችም። በደርግ ዘመን ብዙ ወጣቶች ለትምህርት ተልከውባታል። በ1977 የቡና እጥረት ሲገጥማት ከኢትዮጵያ ቡና እየወሰደች በምትኩ የጦር መሣሪያ ሰጥታለች። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልትም የእሷ ስጦታ ነው። ሐውልቱ እስከ ዛሬ አለ። የሰጠችው አገር ግን ከ1990 ወዲህ በዓለም ካርታ ላይ የለችም።

ያቺን አገር ያፈረሰው መጀመሪያ የራሷ ሕዝብ ነው። ላይፕዚግ ላይ ሰው ሰኞ ሰኞ ማታ ከኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ወጥቶ ሰልፍ ይሄድ ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን 1989 ወደ 70,000 ሰው ወጣ። ፖሊስና ወታደር ተጠባብቆ ነበር፤ ግን አልተኮሰም። ኖቬምበር 9 ቀን ግንቡ ተከፈተ። ዲሴምበር 4 ቀን ደግሞ ዛሬ የቱሪንገን ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኤርፉርት ነዋሪዎች የስለላ መሥሪያ ቤቱን፣ ሽታዚን፣ ገብተው ያዙት። ፋይሎቹ እንዳይቃጠሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ነገሩን ካስጀመሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በዚያው ወር መንግሥትና ተቃዋሚ ምሥራቅ በርሊን ላይ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የመሩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። በየከተማውም እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ተዘረጋ።

እነዚያ ጥቂት ወራት ቀላል ጊዜ አልነበሩም። ለአርባ ዓመት ለማጨብጨብ ብቻ ሲጠራ የኖረ ሕዝብ በገዛ እጁ ፖለቲካ ሠራ። ስለ ከተማው ውኃና አየር፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ፖሊሱ ፊት ለፊት ተከራከረ። የክብ ጠረጴዛው ሰዎች አዲስ የሕገ መንግሥት ረቂቅ እስከ ማዘጋጀት ደርሰው ነበር።

ረቂቁ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ማርች 18 ቀን 1990 በምሥራቅ ጀርመን ነጻ ምርጫ ተደረገ። ከመራጩ ከ93 በመቶ በላይ ወጣ። ያሸነፈው የምዕራቡ መራሔ መንግሥት የሄልሙት ኮል አጋሮች ቡድን ነው። ሕዝቡ የፈለገው ፍጥነት ነበር፤ የምዕራቡን ማርክ፣ የምዕራቡን ሱቅ፣ የምዕራቡን ሕግ። በዚህ ልንፈርድበት አንችልም። ሰዉ በየሳምንቱ በሺዎች እየሆነ ወደ ምዕራብ ይፈልስ ነበር፤ ሞስኮ ላይ ጎርባቾቭ እስከ መቼ እንደሚቆዩም የሚያውቅ አልነበረም። ነገ በሩ ሊዘጋ ይችላል የሚል ፍርሃት ምክንያት ነበረው።

ጁላይ 1 ቀን 1990 የምዕራቡ ማርክ ምሥራቅ ገባ። ደመወዝ አንድ ለአንድ ተመነዘረ። ኮል የዚያን ዕለት በቴሌቪዥን ቀርበው ምሥራቁ በቅርቡ የሚያብብ ምድር እንደሚሆን ተናገሩ። ኦገስት 23 ቀን የምሥራቁ ፓርላማ በ294 ድምፅ ለ62 ወደ ምዕራቡ ሪፐብሊክ ለመግባት ወሰነ። መንገዱ የምዕራቡ መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 23 ነበር፤ አዲስ ክፍለ ግዛቶች እንዲገቡ የሚፈቅደው። ሌላ መንገድም ነበር። በአንቀጽ 146 በኩል ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው አዲስ ሕገ መንግሥት ሊያወጡና ለሕዝብ ድምፅ ሊያቀርቡ ይችሉ ነበር። እሱ አልተመረጠም። ኦክቶበር 3 ቀን ምሥራቅ ጀርመን አምስት ክፍለ ግዛትና ምሥራቅ በርሊን ሆና ገባች።

ልዩነቱ የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ምሥራቆቹ ተቀላቃይ ሆኑ። ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለአንድ ተራ ሰው ከኦክቶበር 2 ወደ ኦክቶበር 3 ሲዞር የተለወጠ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ምሥራቅ ያለው ደግሞ ከጤና መድኅኑ እስከ ልጁ የትምህርት መጽሐፍ፣ ከቤት ኪራይ ውሉ እስከ ዳኛው ሁሉም ተለወጠበት። የለወጠው ሰውም ብዙ ጊዜ ከምዕራብ የመጣ ነበር። የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ ፕሮፌሰሩ፣ ዳኛው፣ የጋዜጣው ባለቤት።

ይህ ሁሉ ከባድ ቢሆንም ሥራ ያለው ሰው ይችለዋል። ሥራው ነው የሄደው።

የምሥራቁ መንግሥት ፋብሪካዎች ሁሉ ትሮይሃንድ በሚባል አንድ ድርጅት ሥር ገቡ። ወደ 8,500 ድርጅቶች ነበሩ፤ ወደ 4 ሚሊዮን ሠራተኛ ይዘው። በታሪክ እንዲህ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ንብረት ለሽያጭ የቀረበበት ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፋብሪካዎቹ ያረጁ ነበሩ፤ ይህ እውነት ነው። በአንድ ሌሊት ደመወዝ በማርክ መክፈል ግድ ሆነባቸው። በሶቭየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ የነበሩት ደንበኞቻቸው ደግሞ በማርክ መግዛት አልቻሉም። ማን ቢመራቸው ብዙዎቹ አይተርፉም ነበር። የትሮይሃንዱ ኃላፊ ዴትሌፍ ሮቬደር ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ዱሰልዶርፍ በሚገኘው ቤታቸው ሳሉ በጥይት ተገደሉ። ከእሳቸው በኋላ ቢርጊት ብሮይል መሩት፤ ሽያጩም ፈጠነ። ትሮይሃንድ በ1994 መጨረሻ ሲዘጋ ወደ 250 ቢሊዮን ማርክ ኪሳራ ትቶ ነው። ከተሸጠው አብዛኛው የምዕራብ ጀርመን ባለሀብት እጅ ገባ። ለምሥራቆቹ የደረሰው ጥቂት ነው። ገንዘብ ስለሌላቸው መግዛት አልቻሉም፤ ባንክም አያበድራቸውም።

ወደ ቢሾፈሮዴ ልመለስ።

መንደሯ ያለችው ቱሪንገን ውስጥ፣ አይሽስፌልድ በሚባል ኮረብታማ አውራጃ ነው። አውራጃው ራሱ በድንበሩ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ዱደርሽታት ያለበት ወገን ምዕራብ፣ ሃይሊገንሽታት ያለበት ምሥራቅ። ዙሪያው ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ አይሽስፌልድ ካቶሊክ ነው፤ በኮሚኒስቶቹ ዘመንም ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጣም። ፖታሽ ለማዳበሪያ የሚሆን ጨው ነው፤ እኛም ከዳሎል እናውቀዋለን። በቢሾፈሮዴ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ሲቆፈር የኖረ ነው። አያት፣ አባት፣ ልጅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሠሩበት ቤተሰብ ብዙ ነበር። ሕዝቡም በ1990 ምርጫ በብዛት የኮልን ፓርቲ መርጧል። አዲሱን ሥርዓት የጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ለምነው ያመጡት ሰዎች ናቸው።

በዚያን ጊዜ የዓለም የፖታሽ ገበያ ወድቆ ነበር። ምርት በዝቷል፣ ዋጋ ረክሷል። ትሮይሃንድ የምሥራቁን የፖታሽ ኩባንያ ከምዕራቡ ካሊ ኡንድ ዛልትስ ጋር ለማዋሐድ ወሰነ። የካሊ ኡንድ ዛልትስ ዋና ባለቤት ትልቁ የኬሚካል ኩባንያ ባስፍ ነበር። በአዲሱ ኩባንያ ምዕራቡ 51 በመቶ፣ ትሮይሃንድ 49 በመቶ ያዙ። ትሮይሃንድ ከሕዝብ ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ማርክ በላይ አስገባ። በውሉ መሠረት ቢሾፈሮዴ ከሚዘጉት አንዱ ሆነ።

ሠራተኞቹ ሊገባቸው ያልቻለው ይህ ነው። የሚያወጡት ጨው በጥራቱ የታወቀ ነበር፤ ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ ደንበኛ ነበረው። አንድ የምዕራብ ጀርመን ነጋዴ ማዕድኑን ገዝቶ ለማስቀጠል ጥያቄ አቅርቦም ነበር። ትሮይሃንድ አልተቀበለውም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የምዕራቡን ጉድጓዶች ለማዳን የእኛን ዘጉ አሉ። ውሉን አሳዩን ሲሉ ምስጢር ነው ተባሉ። ውሉ ለሕዝብ ሳይታይ ብዙ ዓመት ቆይቷል። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበሩ አመራር እንኳ ከእነሱ ጋር አልቆመም፤ ውህደቱን ደገፈ። ማኅበሩ በምዕራብ ጉድጓዶች የሚሠሩ አባላትም ነበሩት።

ማዕድኑን ያዙት፤ ከዚያ ምግብ አቆሙ። «ቢሾፈሮዴ በሁሉም ቦታ አለ» የሚለው መፈክራቸው በምሥራቁ ሁሉ ተሰማ። በየከተማው ፋብሪካ የተዘጋበት ሰው የራሱን ታሪክ አየበት። በሴፕቴምበር ወደ በርሊን በእግር ተጓዙ። የቱሪንገን መንግሥት ለሁሉም ምትክ ሥራ እንደሚፈጠር ቃል ገባ፤ 700 የሥራ ቦታ ተባለ። ቃሉ አልሞላም። በመጨረሻ ብዙዎቹ ካሳቸውን ወስደው ወጡ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ውህደቱን ዲሴምበር 14 ቀን 1993 ፈቀደ፤ ማዕድኑ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ፈረንሳይ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደችው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በማርች 1998 የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረው። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ጉዳዩን እንደገና አይቶ ፈቀደ። ፍርዱ ሲመጣ ግን ጉድጓዱ ከተዘጋ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕግ የራሱን መንገድ ሄዷል። ለመንደሩ ሰው ግን የመጣለት ነገር የለም።

ማዕድኑ ባይዘጋስ ኖሮ? ምናልባት ከጥቂት ዓመት በኋላ በገበያ ይዘጋ ነበር። ይህን አልክድም። እኔ የምከራከረው ስለ አሠራሩ ነው። ሰዎቹ ገና ነጻ ምርጫ መምረጥ ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዴሞክራሲ ማለት ለሚጠይቅህ መልስ መስጠት ነው ተብለዋል። በሕይወታቸው ትልቁን ጥያቄ ሲጠይቁ ግን ውሉ ተደበቀ፣ ውሳኔው ሩቅ ቦታ ተሰጠ፣ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ጠፋ። ቀድሞም ከላይ ይወሰንባቸው ነበር። አሁንም ከላይ ተወሰነባቸው። ገንዘብ በኋላ ቢፈስ ይህን አይጠግነውም።

ገንዘቡ በእርግጥ ፈሷል። መንገዱ፣ ስልኩ፣ ባቡሩ ታደሰ። የተመረዙ ወንዞች ጸዱ። ጡረተኛው ከማንም በላይ ተጠቀመ፤ ጁላይ 2023 ላይ የምሥራቁና የምዕራቡ የጡረታ ስሌት እኩል ሆነ። ላይፕዚግ፣ ድሬስደንና የና ዛሬ ሰው የሚመጣባቸው ከተሞች ናቸው። የሽታዚ ፋይሎችም ከ1992 ጀምሮ ለባለቤቶቹ ተከፍተዋል፤ ሰዎች ማን እንደሰለላቸው በዓይናቸው አንብበዋል። ይህ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት አገሮች ብቻ የደፈሩት ነው፤ የመጣውም በኤርፉርትና በሌሎች ከተሞች በር ላይ ከቆሙት ሰዎች ነው።

ግን በ1990ዎቹ የኖረ የምሥራቅ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። በ1989 በምሥራቅ ጀርመን ወደ 199,000 ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ1994 ወደ 79,000 ወረደ። ጦርነት ሳይኖር ሰው እንዲህ በአንዴ መውለድ ሲያቆም ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ መገመት አይከብድም። ወጣቱ፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ ሄዱ።

ፖለቲካውም መልኩን ያዘ። የድሮው ገዢ ፓርቲ ወራሽ ፒዲኤስ በ1994 ምርጫ ከምሥራቁ ድምፅ ወደ 20 በመቶ አገኘ። ብዙዎቹ መራጮች የምሥራቁን የቀድሞ መሪ ሆኔከርን ናፍቀው አልነበረም፤ የሚሰማቸው ፈልገው ነው። ከአድማው ጎን ከቆሙት አንዱ ቦዶ ራመሎቭ የሚባል ከምዕራብ የመጣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር። በ2014 የቱሪንገን ርዕሰ መስተዳድር ሆነ፤ የግራ ፓርቲው በጀርመን ታሪክ ያገኘው የመጀመሪያው።

ቆይቶ ደግሞ ቁጣው ቀኝ ዞረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ቱሪንገን ውስጥ ቀኝ አክራሪው ፓርቲ ኤኤፍዲ 32.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። በ2025 አገር አቀፍ ምርጫ በአምስቱም የምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነ። ብዙ ተንታኝ እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ይሠራል፤ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሰው ተናደደ፣ ኤኤፍዲን መረጠ።

ይህ ስሌት በአይሽስፌልድ አይሠራም። ቢሾፈሮዴ ያለችበት አውራጃ በምሥራቁ የኮል ፓርቲ ከሆኑት ከክርስቲያን ዴሞክራቶች ጠንካራ ምሽጎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የቱሪንገን ኤኤፍዲ መሪ ቢዮርን ሁከ የሚኖሩት እዚያው አይሽስፌልድ ውስጥ ነው። በ2024 ግን ለመወዳደር ሌላ ወረዳ፣ ግራይትስ፣ ሄዱ። ያን የመሰለ በደል የደረሰበት አገር ለምን እንደሌላው አልሆነም? እኔ የማየው ምክንያት ደብሩ፣ የሙዚቃ ቡድኑ፣ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኛው፣ የመንደሩ ማኅበር ነው። ኮሚኒስቶቹም ትሮይሃንድም ሊያፈርሱት አልቻሉም። ሰዉ ሲናደድ የሚነጋገርበት ቦታ አለው። የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪዎቹ እንኳ ተደራጅተው የራሳቸውን ሙዚየም አቋቁመዋል። በብዙ የምሥራቅ ከተሞች ግን ማኅበራዊ ሕይወቱ ሁሉ የተያያዘው ከፋብሪካው ጋር ነበር፤ የስፖርት ቡድኑ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ የዕረፍት ቤቱ፣ ክሊኒኩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ሄደ። ፓርቲዎች አባል የላቸውም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሳስቷል። ባዶውን ቦታ የሞላው ጮክ ብሎ የተናገረው ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ስለ ምሥራቆቹ ቁስል ሲወራ ከእነሱ በላይ ያልተሰሙ ሰዎች ይረሳሉ። ምሥራቅ ጀርመን ከሞዛምቢክ፣ ከቬትናምና ከአንጎላ በኮንትራት ያመጣቻቸው ሠራተኞች ነበሩ። አገሪቱ አንድ ስትሆን መጀመሪያ ከሥራ የወጡት እነሱ ናቸው። አማዴው አንቶኒዮ የሚባል አንጎላዊ በኖቬምበር 1990 ኤበርስቫልደ ላይ በቀኝ አክራሪ ወጣቶች ተደብድቦ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሞተ። በሴፕቴምበር 1991 ሆየርስቨርዳ ላይ፣ በኦገስት 1992 ሮስቶክ ሊሽተንሃገን ላይ የስደተኞችና የኮንትራት ሠራተኞች መኖሪያ ሲጠቃ ጎረቤት ቆሞ አጨበጨበ። ምዕራቡም ንጹሕ አልነበረም፤ በመልንና በዞሊንገን የቱርክ ቤተሰቦች በቤታቸው ተቃጥለዋል። በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው ሌላውን የመበደል ፈቃድ አያገኝም። በእነዚያ ዓመታት አፍሪካዊ ሆኖ በምሥራቅ ከተማ ማታ ባቡር መሳፈር ያስፈራ ነበር።

አንጌላ ሜርክል እዚያው ምሥራቅ አድገው ለ16 ዓመት አገሪቱን መርተዋል። ለረጅም ጊዜ ስለ አስተዳደጋቸው ብዙም አይናገሩም ነበር። ሥልጣን ሊለቁ ሲሉ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2021 ሃለ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ባሳተሙት ጽሑፍ የምሥራቅ ሕይወታቸው እንደ ሸክም መገለጹን አነሱ። እሳቸውን ያህል ሰው እንዲህ ከተባለ የቢሾፈሮዴ ቆፋሪ ምን ሊባል እንደሚችል አስቡት።

በ2024 ምርጫ ማግስት የቱሪንገን ፓርላማ ሴፕቴምበር 26 ቀን ኤርፉርት ላይ ሲሰበሰብ ጉባኤው ታወከ። ሰብሳቢው በዕድሜ አንጋፋ የሆኑት የኤኤፍዲ አባል ነበሩ፤ የሌሎቹን ጥያቄ አላስተናግድ አሉ። ክርስቲያን ዴሞክራቶች ቫይማር ወደሚገኘው የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርዱ በማግስቱ መጣ። ሴፕቴምበር 28 ቀን አፈ ጉባኤ ተመረጠ፤ ታዴውስ ኩኒግ፣ የአይሽስፌልድ ተመራጭ። በዲሴምበር ደግሞ ክርስቲያን ዴሞክራቱ ማሪዮ ፎይግት በራመሎቭ ቦታ ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። ጥምር መንግሥታቸው ሲመሠረት ከ88 መቀመጫ የያዘው 44 ብቻ ነበር። ስለዚህ ሕግ ለማውጣት በየጊዜው ከራመሎቭ ፓርቲ ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር ግድ ሆነባቸው።